ማስክ፣ መስኮትና ታክሲ፦ ከድሬዳዋ እስከ ሐረር የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች

ባለፈው ዓመት እናቴ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና እንደጀመረች፣ ለክትትል ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ይዣት ስሄድ ማስክ አድርጋ ሚኒባስ ውስጥ ገባች። ከጎኗ ሊቀመጥ ያጎነበሰ ወጣት ፊቷን አየና ወደ ኋላ ወንበር አለፈ። ፊት ለፊት የተቀመጡ ሴትዮ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉ። በሳምንቱ ስንሄድ እናቴ ማስኳን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ተዪኝ ልጄ፣ ሰው ይሸሸኛል» አለችኝ። እኔም አጥብቄ አልተከራከርኳትም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች ላሳዩት ፊት ዕዳውን የከፈሉት የሁለተኛው ጉዞ ተሳፋሪዎች ናቸው። ከዚያ ወዲህ በዚህ መንገድ ላይ ስለ ማስክ የሚባለውን ሁሉ ጆሮዬን ጥዬ እሰማለሁ።

«ማስክ ያደረገ ሰው በሽታ ይዞ ነው የሚዞረው»

ብዙዎች ማስክ የሚያደርጉት አቧራ ስለማይስማማቸው፣ ጨቅላ ሕፃን ስለታቀፉ ወይም ቤታቸው አቅመ ደካማ ስላለባቸው ነው። የታመመም ቢሆን፣ ማስኩ ከአፉ የሚወጣውን ፍንጣሪ እዚያው ይዞ ያስቀርልናል። ሊያስፈራን የሚገባው ሳይመረመር፣ አፉን ሳይሸፍን ለሳምንታት የሚያስል ሰው ነው። የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ ትክክለኛውን መድኃኒት በአግባቡ መውሰድ ከጀመረ ሁለት ሳምንት ያህል በኋላ በአብዛኛው የማስተላለፍ ዕድሉ በእጅጉ ይቀንሳል። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል፤ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ይሰጣል። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ በተለይ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ከታከለበት፣ መመርመር ያስፈልጋል።

«ኮረና አለፈ፣ ማስክም አብሮ አለፈ»

ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን ተገኘ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ታክሲዎች በግማሽ እንዲጭኑ ታዘዙ፣ ማስክ ግዴታ ሆነ። በዚያ ወቅት ኬላ ሲቃረብ ረዳቱ «ማስክ! ማስክ!» ይላል፤ ሁሉም ከአገጩ ወደ አፍንጫው ከፍ ያደርጋል፤ ኬላው ሲታለፍ ተመልሶ ይወርዳል። የረሳ ሰው ከጎረቤቱ ተውሶ ያጠለቀበትን ጊዜም በዓይኔ አይቻለሁ። ማስክን ከሳንባችን ይልቅ ከፖሊስ ጋር አያይዘን ተማርነው፤ ቁጥጥሩ ሲቀር ምክንያቱም የቀረ መሰለን። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ያበቃው የአስቸኳይ ጊዜ ደረጃውን ነው፤ ቫይረሱ ግን ዛሬም አለ። የሳንባ ነቀርሳማ ከኮረና በፊትም ነበር፤ ኢትዮጵያ ዛሬም በሽታው በእጅጉ ከሚበረታባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት።

«መስኮቱን ዝጋው፣ ንፋስ ይመታኛል»

ከሁሉም የሚብሰኝ ይህ ነው። ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ ሲያስጨንቀን መስኮቱ ሁሉ ይከፈታል። ሽቅብ ወደ ደንጌጎ ጠመዝማዛውን ስንያያዘው አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፤ ያኔ ከኋላ አንድ ድምፅ ይመጣል፦ «ኧረ ዝጉት!» በግራና በቀኝ አንድ ላይ ከተከፈተማ የሞት ያህል ይፈራል። ከዚያ አዴሌን፣ ሐሮማያን፣ አወዳይን አልፈን ሐረር እስክንገባ ድረስ ተዘግቶ ይቀራል፤ አንዱ ያስወጣውን ትንፋሽ ሌላው እየሳበ።

ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ነው። የሳንባ ምችንም በአብዛኛው የሚያመጡት ባክቴሪያና ቫይረስ ናቸው። እነዚህ ደግሞ ከሰው ወደ ሰው የሚሸጋገሩት በተዘጋ ቦታ ይበልጥ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስያን በታፈነ አየር ውስጥ ለሰዓታት ተንሳፍፈው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ንፋስ ሲገባ ግን ይበተናሉ፣ ይሳሳሉ። ቀዝቃዛ አየር የሚቀሰቅስበት አስም ያለው ሰው አለ፤ እሱ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ፎጣም ይደርብ። ለእሱ ሲባል ግን መኪናው በሙሉ መታፈን የለበትም። ሁለት መስኮት በግራና በቀኝ አንድ ስንዝር ያህል ቢከፈት፣ ማስክ ያላደረገውንም ሰው ይጠቅማል።

ባጃጅ ጠባብ ስለሆነ ይብሳል የሚሉም አሉ። ጎኑ ክፍት ስለሆነ አየሩ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል፤ የሚብሰው ለአቧራ ወይም ለዝናብ ተብሎ ሸራው ሲወርድ ነው።

«የድሬ ሙቀት ኮረናን ይገድለዋል»

በ2012 ዓ.ም. ይህ ወሬ ገበያውን ሞልቶት ነበር። በባቡር የምትገናኘን፣ ከእኛ የባሰ ሙቀት ያለባት ጅቡቲ ግን በዚያው ዓመት ከሕዝቧ ብዛት አንጻር በአፍሪካ በእጅጉ ከተጠቁት አገሮች አንዷ ሆነች። ድሬዳዋም አልተረፈችም።

«ማስክ ትንፋሽ ያፍናል»

በሙቀት ይከብዳል፣ ያልባል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የምንተነፍሰው አየር በጨርቁ ቀዳዳዎች እንደ ልብ ይመላለሳል። የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ለሰዓታት አድርገውት ይሠራሉ። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃንና መተንፈስ ለሚቸገር ሰው ግን አይደረግም።

«ማስክ ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም። ከፋርማሲ የሚገዛው ሰማያዊው ማስክ ዋና ሥራው ከለበሰው ሰው የሚወጣውን መያዝ ነው፤ በጉንጭና በአፍንጫ ዳር ክፍት ስለሆነ ወደ ውስጥ የሚገባውን ሙሉ በሙሉ አይከለክልም። ኤን 95 የሚባለው ፊት ላይ ገጥሞ ይጣበቃል፤ በአየር ላይ ካሉት ደቃቅ ብናኞች ቢያንስ 95 በመቶውን ያጣራል። ስለዚህ ነው የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ ሰማያዊውን፣ የሚያክመው ሐኪም ኤን 95ን የሚያደርጉት። አፍንጫን ካልሸፈነ ግን ሁለቱም አይሠሩም። የረጠበ ማስክ ይለወጣል፤ የሌላ ሰው ማስክ ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም።

«የተቀመጠበት ወንበር፣ የጠጣበት ስኒ ያስተላልፋል»

ያ ወጣት የሸሸው ወንበሩንም ጭምር ይመስለኛል። የሳንባ ነቀርሳ በወንበር፣ በመጨባበጥ፣ ለረዳቱ በሚቀባበል ብር ወይም በስኒ አይተላለፍም፤ መንገዱ አየር ነው። እናቴ ይህን ሳታውቅ ማንም ሳይጠይቃት የቡና ስኒዋን ለይታ፣ እጀታው ላይ ቀይ ክር አስራ ነበር። የጤና ባለሙያዋ ካስረዳቻት በኋላ ክሩን ራሷ ፈታችው።