ስለ ቡና ፍሬ በሽታና ስለ መልኮው ምርምር በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

ችግኝ ጣቢያ ሄዶ «74110 አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ገበሬ ብዙ ነው፤ 74110 የቡና ፍሬ በሽታን የሚቋቋም የቡና ዝርያ ነው። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ ግን ሁሉም የየራሱን ይናገራል። ብዙ ሰው በሰፈሩ ስም መልኮ የሚለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ከቡና ፍሬ በሽታ ጋር ያደረገው ትግል ከሀገራችን ሳይንስ ትልልቅ ሥራዎች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ የሚነገረው ሲዛባ ያንገበግበኛል።

«ማዕከሉ የተቋቋመው በሽታው ስለገባ ነው።»

ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የእርሻ ምርምር ድርጅት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን የመልኮው ጣቢያ በ1967 ተከተለ። በሽታው ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው በ1971 ነው። ወረርሽኙ ሲመጣ ከጅማ አጠገብ የቡና ምርምር ጣቢያ ቆሞ ጠበቀው።

«ቡና የእኛ ስለሆነ በሽታውም ከእኛው የበቀለ ነው።»

አይደለም። መጀመሪያ የታወቀው በ1922 ኬንያ ውስጥ ነው፤ እኛ ጋ የታየው ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ ሳይንሳዊ ስሙ ኮሌቶትሪከም ካሃዌ ሲሆን የኋለኛው ቃል የመጣው «ካሃዋ» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል ነው፤ ቡና ማለት ነው።

«የጠቆረ ፍሬ ሁሉ ሲቢዲ ነው።»

ባለሙያዎች የቡና ፍሬ በሽታን በአጭሩ ሲቢዲ ይሉታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ስህተቱም ገንዘብና ጊዜ ያስወጣል። ከዛፉ ላይ አንድ ያልበሰለ አረንጓዴ ፍሬ ቀጥፋችሁ በሁለት ጣት ያዙት። ሲቢዲ ከሆነ ጥቁር ቡናማ ነጥብ ታያላችሁ፤ ነጥቡ እየሰፋ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አየሩ እርጥብ ከሆነ በሰረጎደው ላይ ፈዛዛ ሮዝ ዱቄት የመሰለ ነገር ይወጣል፤ እሱ የፈንገሱ ዘር ነው። የዝናብ ጠብታ ሲመታው ወደ ጎረቤት ፍሬ ይፈናጠራል። ፍሬው ውስጡ ሳይሞላ ይረግፋል፣ ወይም ጠቁሮና ተጨማዶ ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በዝናብና በእርጥበት ስለሚስፋፋም ደጋማና ዝናባማ የቡና አካባቢዎች ይበልጥ ይጎዳሉ።

ከበሰለ በኋላ በቀዩ ፍሬ ላይ የሚታየው ቡናማ ጠባሳ ግን ብዙ ጊዜ የሌላ ፈንገስ ሥራ ነው። ያኛው የሲቢዲ ዘመድ ቢሆንም ጤነኛ አረንጓዴ ፍሬ አያጠቃም። ቅጠል ላይ ብርቱካናማ ዱቄት የሚያወጣው ዋግም ሌላ በሽታ ነው።

«መድኃኒት ቢረጭ ኖሮ ያልቅለት ነበር።»

መርጨት ይረዳል፤ ኬንያም ለረጅም ጊዜ የተማመነችው በእሱ ነው። ነገር ግን በአንድ የዝናብ ወቅት ደጋግሞ መርጨት ይጠይቃል። ጥቂት ጥማድ ቡና በጥላ ዛፍ ሥር ያለው ገበሬ መርጫውንም ውሃውንም ተሸክሞ ያንን ሁሉ ወጪ ይችለዋል ማለት ከባድ ነው።

«74110 ላቦራቶሪ ውስጥ የተሠራ ዘር ነው።»

ከሁሉም በላይ መታረም ያለበት ይህ ነው። በቁጥሩ መጀመሪያ ያለው 74 ዛፉ የተመረጠበት ዓመት ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 1974። በዚያ ዘመን የመልኮ ተመራማሪዎች፣ ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) የመጣው ሆላንዳዊው የዕፅዋት በሽታ ባለሙያ ቫን ደር ግራፍ ጭምር፣ በሽታው ክፉኛ በመታቸው ቦታዎች እየዞሩ ዙሪያው ሁሉ ጠቁሮ እሱ ግን ንጹሕ ሆኖ የቆመ ዛፍ ይፈልጉ ነበር። እንዲህ ያለው ዛፍ ምልክት ይደረግበታል፣ ዘሩ ይለቀማል፣ ችግኝ ይፈላበታል። ከዚያ በለጋ ችግኞቹ ግንድ ላይ ሆነ ብለው የፈንገሱን ዘር ይቀቡና የሚሞተውንና የሚተርፈውን ይቆጥራሉ። የ74110 እናት ዛፍ የተገኘችው ኢሉባቦር ውስጥ፣ መቱ አካባቢ፣ ቢሻሪ በሚባል ቦታ ነው፤ 74112ም ከዚያው ነው። ሁለቱም በ1979 ለገበሬ ተለቀቁ።

አምስት ዓመት! ቡና ተተክሎ ለማፍራት ብቻ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ አዳቅሎ አዲስ ዝርያ ማውጣት ደግሞ ሃያ ዓመትም ይፈጃል። ፍጥነቱ የመጣው ከሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ማዳቀል አላስፈለገም፤ በሽታን የሚቋቋመው ቡና በየጓሮውና በየጫካው ነበረ። ሁለተኛ፣ ዓረቢካ ቡና በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ስለሚያፈራ ዘሩ እናቱን ይመስላል፤ ስለዚህ ጥሩ ዛፍ ከተገኘ ዘሩን አባዝቶ ማደል ይቻላል። ይህን ለማግኘት የጠፋው ጫማና የተሄደው ጭቃ ሲታሰብ «የላቦራቶሪ ዘር» መባሉ ያሳዝነኛል።

«የተመረጠ ቡና በሽታ አይዘውም።»

ይይዘዋል፤ ግን በጥቂቱ። የእነዚህ ዝርያዎች መቋቋም ከፊል ነው፤ ፈንገሱን ያዳክመዋል እንጂ በሩን አይዘጋበትም። ደግሞ ከኢሉባቦር የተመረጠ ቡና ሐረርጌ ወይም ሲዳማ ሄዶ እኩል ይስማማዋል ማለት አይደለም። ማዕከሉ ኋላ ላይ ከየአካባቢው ከራሱ ቡና ወደ መምረጥ የዞረው ለዚህ ነው። 74110 የተከለ ሰው በክረምት ጥቂት የጠቆሩ ፍሬዎች ቢያይ «ተታለልኩ» ብሎ አይንቀል። ተጨማደው የተንጠለጠሉትን ለቅሞ ያስወግድ፣ የተጨናነቀውን ቅርንጫፍ ይግረዝ፣ የቀረውን ፍሬ ዛፉ ራሱ ያወጣዋል።