የፀሐይ ነፋስና የምድር መግነጢሳዊ መስክ

የፀሐይ ነፋስ የሚባለው ኮሮና ከተሰኘው የፀሐይ የላይኛው ከባቢ ያለማቋረጥ ወደ ሕዋ የሚፈስ፣ በአብዛኛው ከፕሮቶንና ከኤሌክትሮን የተሠራ የጋለ ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶች ጋዝ) ነው። ስሙ ነፋስ ይባል እንጂ ምድር አጠገብ ሲደርስ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ውስጥ የሚገኙት ፕሮቶኖች ብዙውን ጊዜ ከአሥር አይበልጡም። ፍጥነቱ ግን በሰከንድ ከ300 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ ከሁለት እስከ ስድስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይጨርሰዋል።

ሉድቪግ ቢርማን የተባለው ጀርመናዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1951 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የጅራታም ኮከቦችን ጅራት መርምሮ፣ ጅራቱ ዘወትር ከፀሐይ እየሸሸ የሚዘረጋው ከፀሐይ የሚወጣ የቅንጣቶች ጅረት ስለሚገፋው ነው አለ። በ1958 አሜሪካዊው ዩጂን ፓርከር፣ እጅግ የጋለው ኮሮና ባለበት ረግቶ ሊቆይ እንደማይችልና ከድምፅ በሚበልጥ ፍጥነት እየሰፋ ወደ ሕዋ መፍሰሱ የግድ መሆኑን በስሌት አሳየ። ጽሑፉን የገመገሙት ባለሙያዎች አልተቀበሉትም ነበር፤ ሆኖም በ1959 የሶቪየት ኅብረቷ መንኮራኩር ሉና 1፣ በ1962 ደግሞ የአሜሪካዋ ማሪነር 2 ጅረቱን በመሣሪያ ለክተው ክርክሩን ዘጉት።

ምድር ይህን ጅረት የምትቀበለው በመግነጢሳዊ መስኳ ነው። የመስኩ ጥንካሬ በመሬት ገጽ ላይ እንደ ቦታው ከ25,000 እስከ 65,000 ናኖቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ) ሲሆን፣ ከምድር በራቀ ቁጥር በፍጥነት እየላላ ይሄዳል። የነፋሱ ግፊትና የመስኩ ግፊት የሚተካከሉበት ድንበር ማግኔቶፖዝ ይባላል። ፀሐይ ባለችበት በኩል ከምድር መሃል በአሥር የምድር ሬዲየስ፣ ማለትም ከ60,000 ኪሎ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ ርቀት ላይ ይገኛል፤ ነፋሱ ሲበረታ ደግሞ ወደ ውስጥ ተገፍቶ ይቀርባል። ወንዝ መሃል የቆመ ቋጥኝ ውሃውን ለሁለት ከፍሎ ከኋላው ጸጥ ያለ ስፍራ እንደሚተው ሁሉ፣ ምድርም በነፋሱ ውስጥ ማግኔቶስፌር የሚባል ዋሻ መሰል ክልል አላት። ይህ ክልል በቀን በኩል የተጨፈለቀ፣ በሌሊት በኩል ግን ከጨረቃ ምሕዋር አልፎ የሚዘረጋ ጅራት ያለው ነው። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ሰሞን ለጥቂት ቀናት በዚህ ጅራት ውስጥ ታልፋለች።

የምድር መስክ ጋሻ ነው መባሉ ትክክል ቢሆንም ከነገሩ ገሚሱን ብቻ ይናገራል። የፀሐይ ነፋስ የፀሐይን መግነጢሳዊ መስክ እንደታሰረ ይዞት ይመጣል፤ ይህ መስክ ምድር አጠገብ ሲደርስ በአማካይ አምስት ናኖቴስላ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ የጋሻው በር መከፈትና አለመከፈት የሚወሰነው በእሱ አቅጣጫ ነው። በማግኔቶፖዝ የቀን ገጽ ላይ የምድር መስክ ወደ ሰሜን ያመለክታል። የመጣው መስክም ወደ ሰሜን ካመለከተ፣ ነፋሱ በአመዛኙ በዳር በዳሩ ያልፋል። ወደ ደቡብ ካመለከተ ግን ሁለቱ ተቃራኒ መስኮች ድንበሩ ላይ ይበጠሱና አንዱ ከሌላው ጋር እንደገና ይቀጠላሉ። ያን ጊዜ የምድር መስክ መስመሮች ከነፋሱ ጋር ታስረው በዋልታዎቹ ላይ ወደ ኋላ ይጎተታሉ፤ ጅራቱም ኃይል ያጠራቅማል። ይህን ሐሳብ በ1961 ያቀረበው እንግሊዛዊው ጄምስ ዳንጊ ነው። በ2015 የመጠቁት አራቱ የናሳ ኤምኤምኤስ ሳተላይቶች፣ አንዳንዴ በአሥር ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ተራርቀው እየበረሩ፣ መስኩ በሚበጠስበት ቦታ የኤሌክትሮኖችን እንቅስቃሴ በቅርብ ሊከታተሉት ችለዋል።

የዋልታ ብርሃንም ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው ቅንጣቶች ከፀሐይ በቀጥታ በዋልታ ወርደው የሚያበሩት አይደለም። በጅራቱ የተጠራቀመው ኃይል መስመሮቹ እዚያው ዳግመኛ ሲቀጠሉ ይለቀቃል፤ በዚህ ጉልበት ወደ ምድር የሚወነጨፉት ኤሌክትሮኖች ከ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ጀምሮ ያለውን አየር ሲመቱ ኦክስጅን አረንጓዴና ቀይ ሆኖ ያበራል።

ከፀሐይ የተወነጨፈ ታላቅ የፕላዝማ ደመና ደቡብ አመልካች መስክ ይዞ ለሰዓታት ምድርን ሲመታ መግነጢሳዊ ማዕበል ይነሣል። በመስከረም 1859 መጀመሪያ ላይ የደረሰው ደመና መንገዱን በ18 ሰዓት ገደማ ጨርሶ የቴሌግራፍ መስመሮችን አወከ። በመጋቢት 1989 ደግሞ የካናዳዋ ኩቤክ የኤሌክትሪክ መረብ በ90 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ወድቆ ስድስት ሚሊዮን ሰው ለዘጠኝ ሰዓታት ያህል መብራት አጣ። ማዕበሉን አስቀድሞ መናገር የሚከብደው የደመናውን መነሣት ከሩቅ ማየት ቢቻልም የመስኩን አቅጣጫ ማወቅ ስለማይቻል ነው። አቅጣጫው በእርግጠኝነት የሚለካው ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የቆሙት ሳተላይቶች ዘንድ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጊዜ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

ይህ ሁሉ የዋልታ አገሮች ጉዳይ ብቻ ይመስል ይሆናል። ኢትዮጵያ ግን የምድር መስክ ወደ ታችም ወደ ላይም ሳያዘነብል አግድም የሚተኛበት መግነጢሳዊ ወገብ የሚያልፍባት አገር ናት። በዚህ መስመር ላይ 105 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በቀን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጠባብና ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ። መስኩ አግድም ስለሆነ የኤሌክትሪክ ጅረት ሽቅብና ቁልቁል ለመፍሰስ ይታገድበታል፤ በዚህ የተነሣ የሚጠራቀመው የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) የምሥራቁን ፍሰት ያበረታዋል። ለ1957ና 1958 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት አዲስ አበባ ላይ መግነጢሳዊ መመልከቻ እንዲቋቋም ያደረገው ይኸው አቀማመጥ ነው። ተቋሙን ለረጅም ዓመታት የመሩት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ፒየር ጉዋን ነበሩ።

በዘመኑ እንዲህ ባሉ መመልከቻዎች የነበረው አለካክ ቀላል ነበር። በቀጭን ክር የተንጠለጠለች ትንሽ ማግኔት መስታወት ተለጥፎባት በጨለማ ክፍል ትቀመጣለች፤ ከመስታወቱ የሚንጸባረቀው ብርሃን ቀስ ብሎ በሚዞር የፎቶ ወረቀት ላይ መስመር ይስላል። በአዲስ አበባ በጸጥታ ቀን መስመሩ ከጠዋት ጀምሮ ይወጣና እኩለ ቀን አካባቢ ከፍ ብሎ ወደ ማታ ይወርዳል። የፕላዝማ ደመና ማግኔቶስፌርን በድንገት ሲጨፈልቀው ግን መስመሩ በደቂቃዎች ውስጥ ሽቅብ ይዘላል፤ በቀን ከሆነ ዝላዩ ከጎረቤት ኬክሮሶች ይልቅ እዚህ ይበረታል። የማዕበል ጥንካሬ መለኪያ የሆነውን ቁጥር የሚያወጡት አራቱ ጣቢያዎች፣ የደቡብ አፍሪካዋ ሄርማነስ አንዷ ስትሆን፣ ሆን ተብሎ ከመግነጢሳዊ ወገብ ራቅ ብለው የተመረጡትም ይህ ጅረት ልኬቱን ስለሚያዛባ ነው።

ነፋሱ በዋልታ በኩል የሚያሳድረው የኤሌክትሪክ መስክ በደቂቃዎች ውስጥ እስከ ወገቡ ይደርሳል። ፀሐይ ስትጠልቅ የወገቡ አዮኖስፌር (በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶች የሚገኙበት የከባቢ አየር የላይኛው ክፍል) በራሱም ቢሆን ይናጋል፤ ከታች የሚነሡ ባዶ አረፋ መሰል ክፍሎች ወደ ላይ ይወጡና የጂፒኤስ ምልክት እንዲርገበገብ፣ አንዳንዴም እንዲቋረጥ ያደርጋሉ። ማዕበል ሲመጣ አረፋዎቹ ይበረታሉ ወይስ ይጠፋሉ የሚለው የሚወሰነው የነፋሱ መስክ ወደ ደቡብ በዞረበት ቅጽበት በቦታው ስንት ሰዓት እንደሆነ ነው፤ ስለዚህም በአንድ ማዕበል የኢትዮጵያ ምሽት ሲታወክ፣ በዚያው ወገብ ላይ ያለችው የፔሩ ምሽት ጸጥ ብሎ ሊያልፍ ይችላል።