«ሰላምታ የእግዜር ነው» የመንገድ አባባል ነው

«ሰላም አልኩት፤ ሰላምታ የእግዜር ነው ብዬ ነው እንጂ ለሱስ አይገባውም ነበር።»

ባለፈው ሰሞን ለቅሶ ቤት የሰማሁት ነው። ተናጋሪው ይህን ብሎ ቡናውን ፉት አለ። አጠገቡ የተቀመጡትም «ደግ አደረግህ» አሉት። ዘንድሮ አባባሉ በብዛት የሚሰማው እንዲህ ነው። ካኮረፉት ሰው ጋር ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ አንገት ነቅነቅ አድርጎ ማለፍ፣ ከዚያ ዞር ብሎ «ወድጄ እንዳይመስላችሁ» ማለት። ሰላምታው ከተሰጠ ደቂቃ ሳይሞላው ይነጠቃል።

የቃላቱን ፍቺ ማንም ስለሚያውቀው እሱን ልለፈው። እኔን የሚቆረቁረኝ አባባሉ የኩርፊያ መሸፈኛ መሆኑ ነው። ይህ አባባል ለተኳረፉ ሰዎች አልተሠራም። የተሠራው ለማይተዋወቁ ነው፤ ቦታውም መንገድ ላይ ነው። ለዚህ ምስክሬ የከባድ መኪና ሾፌሮች ናቸው።

ጋሼ የምንላቸው አጎቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበሩ። ያኔ፣ ከ1990ው ጦርነት በፊት፣ አሰብ የአገሩ ዋና ወደብ ነው። የሚነዱት ባለተሳቢ ፊያት ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከኮምቦልቻ እስከ ሚሌ፣ ጋቢና ውስጥ በሳቸውና በረዳቱ መሀል ተጣብቄ እሄዳለሁ። ከባቲ ቁልቁል ከተወረደ በኋላ ሙቀቱ ሌላ ነው፤ አስፋልቱ ሲግል ጎማ ይፈነዳል። ስለዚህ መንገዱ የሚገፋው ማታ ማታ ነው።

በዚያ ጨለማ ከሩቅ መብራት ብቅ ሲል ትልቅ ነገር ነው። ጋሼ መጪው መኪና ገና በቅጡ ሳይለይ ረጅሙን መብራት ዝቅ ያደርጋሉ። ወዲያው ያኛውም ዝቅ ያደርጋል። ሊተላለፉ ሲሉ አንዱ አንዴ ብልጭ ያደርጋል፣ ሌላው ይመልሳል። አለቀ። የሰውየው ፊት አይታይ፣ ሰሌዳው አይነበብ። የሚቀረው የናፍጣ ሽታና አቧራ ብቻ ነው።

አንዴ ብልጭ ማለት ሰላምታ ነው። ደጋግሞ ብልጭ ብልጭ ካደረገ ግን ወደፊት አንድ ነገር አለ። የተበላሸ መኪና ይሆናል፣ መንገድ ያቋረጠ ጎርፍ ይሆናል፣ አስፋልቱ ሞቆት የተኛ ግመል ይሆናል። ያኔ ጋሼ እግራቸውን ከነዳጁ ላይ ያነሳሉ፤ ረዳቱም ካንቀላፋበት ቀና ይላል። ጥቂት እንደሄድን መጀመሪያ የሚታየን ቅጠል ነው። ከጥግ ተቆርጦ አስፋልት ላይ የተጣለ የግራር ቅርንጫፍ። ቀጥሎ የተደረደረ ድንጋይ። ከዚያ ጎማው ወልቆ በክሪክ የቆመ መኪና፣ ከሥሩ ደግሞ ፋኖስ ይዞ የተጋደመ ሰው። ጋሼ ሳያቆሙ አያልፉም። ሌላው ቢቀር ውሃ አለህ ወይ ብለው ይጠይቃሉ።

አንድ ሌሊት «ጋሼ፣ ያውቁታል?» አልኳቸው።

«ማንን?»

«አሁን መብራት ያበራልዎትን።»

«እኔ እንጃ፤ ሰላምታ የእግዜር ነው» አሉና ማርሽ ቀየሩ።

አባባሉን በትክክለኛ ቦታው ሲነገር የሰማሁት እዚያ ጋቢና ውስጥ ነው።

ቀን ቀንም የራሱ ቋንቋ አለው። ዳገት ላይ የሚያቃስት ተሳቢ የቀኝ ፍሬቻ ካበራልህ «መንገዱ ባዶ ነው፣ እለፈኝ» ማለቱ ነው። የግራውን ካበራ ቆይ፤ ከፊት የሚመጣ አለ። ያለፈውም አጭር ክላክስ ነካ አድርጎ ያመሰግናል። ከኋላ ያለው ሰው ነፍሱን ለማያውቀው ሾፌር ፍሬቻ አደራ ይሰጣል እኮ! ጣርማ በር ላይ ጉሙ ሲወርድ ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። ከዋሻው ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የሚጠመዘዝ መኪና የሚታወቀው በመብራቱ ብቻ ነው። እዚያ የጫነና ዳገት የያዘ ቅድሚያ አለው፤ ወራጁ ጥጉን ይይዝለታል።

ይህን ሾፌሮች ከመንጃ ፈቃድ ትምህርት ያመጡት አይመስለኝም። ከገጠር ነው ያመጡት። ከገደል አፋፍ በተሰነጠቀች ቀጭን መንገድ ሁለት ሰው አህያ እየነዳ ከተገናኘ፣ ባዶውን የሚነዳው አህያውን ወደ ዳገቱ ያስጠጋል፤ ጭነት ያለው ያልፋል። ሲያልፍም ዝም ብሎ አያልፍም። «እንደምን ዋላችሁ? ከየት ነው? ወንዙ እንዴት ነው?» ይባባላሉ። ክረምት ከሆነ የመጨረሻዋ ጥያቄ የዋዛ አይደለችም። ቦርከና ሞልቶ እንደሆነ የሚያውቀው ከወዲያ የመጣው ሰው ብቻ ነው። ሽፍታ የወጣበት ዘመን ከሆነም ወሬው ያለው እሱ ዘንድ ነው። ሰላምታ ነፍገኸው ብታልፍ ጎርፍ ውስጥ የምትገባው አንተ ነህ።

የሚሠራ ሰው አጠገብ ሲታለፍም ያው ነው። አውድማ ላይ ያሉትን «ሺህ ያድርገው» ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው፤ እህሉን በክፉ ዓይን አይቶ እንደሄደ ይቆጠራል። በሬ ጠምዶ ለሚያርሰው «እግዜር ያበርታህ» ይባላል። አያቴ የማታውቀው ሰው ሰላም ሳይላት ካለፈ መንገዱን እስኪጨርስ ድረስ ከኋላው ታየዋለች። ዱላውን እንዴት እንደያዘ ሳይቀር ታጠናለች። ሰላም ካላት ግን ወዲያው ወደ ስፌቷ ነው።

አሁን ወደ መነሻው። አንድ የማውቃቸው ቄስ አባባሉን ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ይስቡታል። ወደ ቤት ስትገቡ ሰላም ለዚህ ቤት ይሁን በሉ፤ የሰላም ሰው ካለ ሰላማችሁ ያድርበታል፣ ከሌለ ወደ እናንተ ይመለሳል የሚለውን ይዘው ነው። ያምራል፣ አልክድም። ግን ከፍ ብሎ ቁጥር 4ን ያንብቡት! በመንገድ ለማንም ሰላምታ አታቅርቡ ይላል። የመንገደኛን ሰላምታ ከዚያ ምዕራፍ ማውጣት ይከብዳል። ይህን ስነግራቸው ሳቁና ርዕስ ቀየሩ።

እኔ አባባሉን የምሰጠው ለወሎ ነው። ከወሎም ለባቲ መንገድ። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። አፋሩ ጨው የጫነ ግመሉን እየሳበ ከቆላ ይወጣል፤ አማራውና ኦሮሞው እህልና በርበሬ ይዞ ይመጣል። መንገድ ላይ የምታገኘው ሰው ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ በምን ቋንቋ ይመልስልህ አታውቅም። እስላሙ ዘንድ «ሰላም» ከአላህ ስሞች አንዱ ነው። የጋለበ በእግሩ ለሚሄደው፣ በእግሩ የሚሄደው ለተቀመጠው ሰላምታ ይጀምር የሚል ሐዲስም አለ። እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ሰላምታ የኔ ወይም የአንተ ከሆነ ጣጣው ብዙ ነው። ማን ይጀምር? በማን ደንብ? የእግዜር ሲሆን ግን ጭቅጭቅ የለም፤ ሁሉም ከፈጣሪው ተበድሮ ይሰጣል። የታሪክ ሰዎች ይስቁብኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ የትውልድ ቦታ አላየሁለትም። የአሰብ መኪኖችም ዘመናቸውን ሙሉ የተመላለሱት በዚሁ የግመል መንገድ አጠገብ ነው።

ስለዚህ ያኮረፋችሁትን ሰው በግድ ሰላም ብላችሁ ስታበቁ እግዜርን ምስክር አትጥሩ። «ሰው አየኝና አፍሬ ነው» ማለት ይቻላል፤ እውነቱም እሱ ነው።

ሾፌሮቹም ቢሆኑ እንደ ድሮው አይደሉም። ከተማ ውስጥ መብራት ብልጭ ማድረግ «መጣሁብህ፣ ዞር በል» ሆኗል። ይህን የለመደ ልጅ አገር አቋራጭ ሲወጣ ሽማግሌው ሾፌር ሰላም ሲለው የተሰደበ ይመስለዋል። ፊት የሚያሳውር ነጭ አምፖል አስገጥሞ ረጅሙን እንደለቀቀ የሚመጣ አይሱዙ ደግሞ አለ። ብትለምነውም ዝቅ አያደርግም። ሳይሰለች ብልጭ ብልጭ የሚያደርግልህ ሰው ካገኘህ ከፊትህ ትራፊክ ቆሟል ማለት ነው። በዚህ አያያዝ ሰላምታ የእግዜር መሆኑ ቀርቶ የትራፊክ ፖሊስ ሊሆን ነው።

ከሁሉ የሚብሰኝ ግን ድንጋዩን ትቶ የሚሄደው ነው። መኪናው ሲበላሽ ለኋለኛው አስቦ ድንጋይ ይደረድራል፣ ጠግኖ ሲጨርስ ሞተር አስነስቶ ውልቅ። ማታ ያ ድንጋይ ሰው ይገድላል። ጋሼ እንዲህ ያለ ሲያጋጥማቸው መኪናውን ጥግ ያስይዙና ረዳቱን «ውረድ፣ አንሳ!» ይሉታል። ረዳቱ የራሳችን ድንጋይ አይደለም ብሎ ሲያጉረመርም መልስ አይሰጡትም። መብራቱን ረጅም አድርገው ያበሩለታል እንጂ።