ሁለተኛ ሙያ በውትድርና፦ ከሐረር አካዳሚ እስከ ሁርሶ

ወታደር ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው ጠመንጃ ያነገተ እግረኛ ነው። ሠራዊት ግን ሾፌር አለው፣ መካኒክ አለው፣ ሬዲዮ ኦፕሬተር፣ ነርስ፣ ወጥ ቤት፣ ፈንጂ አምካኝ አለው። ምልምሉ መሠረታዊ ሥልጠናውን ሲጨርስ ከእነዚህ በአንዱ ይመደባል። እስከ ጡረታው እዚያው ይቆያል ማለት ግን አይደለም። መሃል ላይ ሌላ ኮርስ ገብቶ ሙያ የሚቀይር አለ። የመጀመሪያውን ሳይጥል ሌላ የሚጨምርም አለ።

ይህን አሠራር በኮድ ቀምሮ የያዘው የአሜሪካ ምድር ጦር ነው። እዚያ እግረኛው 11ቢ ነው፣ የጦር ሜዳ ሕክምና ባለሙያው 68ደብሊው፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ 88ኤም። ሙያ የሚቀየረው ኮንትራት ሲታደስ ሊሆን ይችላል። ዘርፉ ሰው በዝቶበት ማዕረግ ሲዘጋም ይሆናል። ጉልበቱ ወይም ወገቡ የተጎዳ ወታደር ከሠራዊቱ ከሚሰናበት ይልቅ ወደ ቀለል ያለ ሥራ የሚዛወርበት ጊዜም አለ። በልዩ ኃይሉ ደግሞ ነገሩ ጠበቅ ይላል። አንዱ ቡድን 12 ሰው ነው። የመሣሪያ፣ የምህንድስና፣ የሕክምናና የመገናኛ ባለሙያዎች አሉበት። እያንዳንዱ የጓደኛውንም ሥራ በመጠኑ ይማራል። ሐኪሙ ቢመታ ቡድኑ ያለ ሐኪም እንዳይቀር ነው።

ወደ እኛ ምሥራቅ እንምጣ። ሐረር ላይ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የተሰየመው የጦር አካዳሚ ሥራ የጀመረው በ1950 ዓ.ም. ገደማ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመሩትና ያስተማሩት የሕንድ መኮንኖች ናቸው። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ወጣቶች ሦስት ዓመት ተምረው በምክትል መቶ አለቃነት ይመረቁ ነበር። ቀለሙም ውትድርናውም አብሮ ይሰጥ ነበር። አካዳሚው መኮንን ያወጣ ነበር እንጂ የተለየ ሙያ ጠቅልሎ አያስይዝም ነበር። መድፈኛነት፣ ታንከኛነት ወይም መገናኛ ከምድብ ጋር፣ በሌላ ኮርስ የሚመጣ ነበር። በዚያ ዘመን ኮርሱ ብዙ ጊዜ አሜሪካ ነበር።

ሌላው የመኮንንነት በር የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ነበር። ከተራ ወታደርነት የተነሱ ብዙዎች ያለፉት በዚያ ነው። ሐረር የተቀመጠው 3ኛ ክፍለ ጦር በታሪክ ስሙ የተነሳ አንድ ምሳሌ አለው። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከሆለታ ተመርቀው በዚህ ክፍለ ጦር ያገለገሉት በኦርድናንስ፣ ማለትም በመሣሪያና ጥይት አያያዝ መኮንንነት ነበር። በዚሁ ሙያ አሜሪካ ሄደው ሠልጥነዋል። በሰኔ 1966 ዓ.ም. የክፍለ ጦሩ ተወካይ ሆነው አዲስ አበባ የገቡት ሻለቃ፣ በሙያቸው የግምጃ ቤት ሰው ነበሩ። የቀረውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሁለተኛ ሙያ በጅምላ የመጣው ግን በ1969 ዓ.ም. ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚገርመው ይሄ ነው። ሠራዊቱ ከ20 ዓመት በላይ የለመደው የአሜሪካን መሣሪያ ነበር። በዚያ ዓመት ከዋሽንግተን ጋር ተቆራረጠና የሶቪየት መሣሪያ ይጎርፍ ጀመር። የሶማሊያ ጦርም ያኔውኑ ገባ። ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ ራሷ ተጠቃች። እንግዲህ ታንከኛው ከአሜሪካው ኤም-47 ወርዶ ቲ-55 ላይ መውጣት አለበት። የጥገናው ሰው በኢንች የሚሠራ የቁልፍ ሳጥኑን አስቀምጦ በሚሊሜትር ሊፈታ ነው። መመሪያው ከእንግሊዝኛ ወደ ሩሲያኛ ተቀየረ። አብራሪውም ከፍታን በጫማ ማንበብ የለመደ ዓይኑን ወደ ሜትር ማስለመድ ነበረበት። በማዕረግ መዝገቡ ላይ ሙያው ያው ነው፤ ታንከኛ ታንከኛ ነው። በተግባር ግን እንደ አዲስ የተማረ ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ሥልጠና በጥቂት ሳምንት አያልቅም። ጦርነቱ ደግሞ አይጠብቅም። በ1970 ዓ.ም. የመልሶ ማጥቃት ላይ ብዙውን ታንክና መድፍ የኩባ ወታደሮች የያዙት በዚህም ምክንያት ነው። በአንፃሩ የአየር ኃይሉ ኤፍ-5 አብራሪዎች በለመዱት አውሮፕላን ሰማዩን ያዙ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ድል ሲገኝ ሁለቱም ነበሩበት፦ የቆየው ችሎታ፣ አዲሱም ብረት። የሶቪየቱ ተዋጊ አውሮፕላን ሚግ የቤት ዕቃ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከድሬዳዋ ወደ ኤረር በሚወስደው መስመር፣ የባቡሩ ሐዲድ የሚያልፍበት ሁርሶ አለ። ሙቀቱን የድሬ ልጅ እንኳ አይደፍረውም፣ አቦ! ማሠልጠኛው ከምልምል ወታደር እስከ ቀጣይ ሥልጠና ብዙ ትውልድ አሳልፏል። በ1990ዎቹ ማብቂያ የአሜሪካ ወታደሮች መጥተው የኢትዮጵያን አሃዶች ያሠለጠኑትም እዚህ ነው። በየጊዜው ወዳጁ ቢለዋወጥም ሜዳው ያው ነው።

ወታደሩ ራሱ ሁለተኛ ሙያ የሚመርጠው በምን ይመስላችኋል? በጦር ሜዳ ጥቅሙ ብቻ አይደለም። ልብስ ሲያወልቅ የሚበላበትን ያስባል። ጥሩ መድፈኛ ድሬዳዋ ሳቢያንም ሆነ ሐረር ሸዋ በር ለሥራ ቢሄድ የሚቀጥረው የለም። የናፍጣ ሞተር የሚያውቅ፣ ብየዳ የሚችል ወይም መርፌ የሚወጋ ግን ጋራዥም ክሊኒክም ይፈልገዋል። ስለዚህ የሾፌርና የመካኒክ ኮርስ ሲወጣ ግፊያ ቢኖር አይገርምም። አለቆችም ይህን ያውቁታል። እግረኛው ክፍል ጥሩውን ልጅ ለኮርስ መልቀቅ ይከብደዋል፤ ተመልሶ አይመጣለትማ።

ችግሩ ወረቀት ላይ ነው። የሠራዊት ሰርተፍኬት በአንዳንድ ቀጣሪ ዘንድ ቦታ አያገኝም። መውጫው ሲኦሲ የሚባለው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነው። የብቃት ምዘናው ሙያው የት እንደተለመደ ሳይሆን ምን ያህል እንደሚታወቅ የሚያይ ነው። ለዓመታት ኦራል የሚባለውን የጦር ከባድ መኪና ሲፈታ የኖረ ሃምሳ አለቃ በተግባር ፈተናው አይቸገርም። የሚያንገዳግደው በወረቀት የሚሰጠው ነው፤ ለእሱ ቀደም ብሎ ማጥናት አለበት።