ስለ ወጣቶች የቲቪ ድራማ በስህተት እምናምናቸው ነገሮች እና እውነታው

የወጣቶች ተከታታይ ድራማ ሲነሳ ወሬው ሁሌ ወይ "ልጆቻችንን አበላሹብን" ነው ወይ ደሞ "የዘንድሮ ልጅ እኮ እንደዚ ነው፣ ድራማው ላይ አላያችሁም?" ነው። ሁለቱንም የሚሉት ሰዎች ለልጆቹ አስበው እንደሆነ አምናለሁ፣ ግን ሁለቱም አንድ ነገር ይረሳሉ፣ ድራማውን የጻፈው፣ ብሩን ያወጣው፣ ኤዲት ያረገው አዋቂ ሰው ነው። ስለዚ እዛ ላይ እምናየው ብዙ ጊዜ አዋቂዎች ስለ ወጣት የሚፈሩትን ወይም ከራሳቸው ወጣትነት የሚናፍቁትን ነው። ይሄ ነገር በጣም ያሳስበኛል፣ ምክንያቱም ድራማ ላይ ባየነው ሚዛን መዝነን ነው ኋላ ቤት ውስጥ ያለውን ልጅ ምናናግረው። እስቲ በተለምዶ የሚባሉትን እንያቸው (አመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)።

"የዘንድሮ ወጣት ድራማው ላይ እንዳለው ነው"

ቁጥሩ የሚለው ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲዲሲ የሚባለው የመንግስት የጤና መስሪያ ቤት ከ1991 ጀምሮ በየሁለት አመቱ የሃይስኩል ተማሪዎችን ስለ ኑሯቸው ይጠይቃል። በ1991 ወሲብ ፈጽመን እናውቃለን ያሉት 54 በመቶ ነበሩ፣ በ2021 ግን 30 በመቶ ብቻ ናቸው። ባለፈው አንድ ወር አልኮል ጠጥተናል ያሉትም በነዚሁ 30 አመታት ውስጥ ከ51 በመቶ ወደ 23 በመቶ ወርደዋል። ስክሪኑ ላይ የሆነው ደሞ ተቃራኒው ነው፣ ድሮ የመጀመሪያ መሳም ራሱ አንድ ሙሉ ክፍል ሊወስድ ይችል ነበር፣ በ2019 የጀመረው የአሜሪካው ድራማ ዩፎሪያ ግን ገና ከመነሻው ከሱስ ማገገሚያ በወጣች የ17 አመት ልጅ ነው የሚከፍተው። ማለትም እውነተኛዎቹ ልጆች እየሰከኑ በመጡበት ዘመን የድራማዎቹ ልጆች እየከፉ መጡ።

ይሄ ማለት ግን ልጆቹ ደህና ናቸው ማለት አይደለም፣ እዚጋ ነው ዋናው ነገር። ያው ጥናት ላይ ለሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ በተከታታይ ሀዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ ተሰምቶን የለመድነውን ነገር ማድረግ አቁመን ነበር ያሉት በ2011 28 በመቶ ነበሩ፣ በ2021 42 በመቶ ደርሰዋል። ይሄን ደሞ ድራማ መቅረጽ አይወድም። ለምን ብትሉ ድራማ የሚፈልገው ክስተት ነው፣ ፓርቲ፣ ድብድብ፣ ክህደት፣ አደጋ። በሩን ዘግቶ አልጋው ላይ ተኝቶ ስልኩን ሲያገላብጥ የሚያመሽ ልጅ ለካሜራ ምንም አይሰጥም፣ ብቸኝነት በባህሪው ምንም አይከሰትበትም እኮ። ውጤቱ ምንድነው፣ ወላጅም አስተማሪም አይኑን የሚጥለው ጫጫታ ባለበት ብቻ ይሆንና ዝም ያለውን ልጅ "እሱስ ጨዋ ነው፣ አያስቸግርም" ብሎ ያልፈዋል። እኔ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

"16 አመት ማለት ድራማው ላይ እንዳሉት መምሰል ነው"

ቤቨርሊ ሂልስ 90210 የሚባለው የአሜሪካ ድራማ በ1990 ሲጀምር የ16 አመቷን አንድሪያን የተጫወተችው ጋብሪኤል ካርተሪስ 29 አመቷ ነበር። እሷ ለየት ብላ ትነሳለች እንጂ ነገሩ የተለመደ አሰራር ነው፣ እስከዛሬም የሃያዎቹን አጋማሽ ያለፉ ሰዎች ዩኒፎርም ለብሰው ቦርሳ አንግተው እናያቸዋለን። ምክንያቱ ተንኮል አይደለም፣ በብዙ አገር ህጉ ከ18 አመት በታች ያለ ልጅ በቀን የሚሰራበትን ሰአት ይገድባል፣ ቀረጻው ቦታ ትምህርቱን እንዲማር ያስገድዳል፣ የወሲብ ትእይንት ላይ ደሞ ጭራሽ ሊቀርጹት አይችሉም። ፕሮዲውሰሩ በዛ ላይ ልጁ በአንድ ክረምት አስር ሳንቲሜትር አድጎ ድምጹ ጎርንኖ ቢመጣ ታሪኩ እንደሚበላሽበት ያውቃል፣ ስለዚ ትልቅ ሰው ይቀጥራል።

ጉዳቱ ግን አለ። ብጉር የሌለው፣ ጡንቻው የተገነባ፣ ቃላት የማያጣ ሰው "16 አመቱ ነው" ሲባል እያየ ያደገ ልጅ መስታወት ፊት ሲቆም ራሱን የሚያወዳድረው ከ27 አመት ሰው ጋር ነው፣ እሱ ደሞ አያውቀውም። ሌላው ብዙ የማይወራለት ነገር የአዋቂዎቹ አይን ነው። ተማሪና አስተማሪ ሲዋደዱ የሚያሳይ ታሪክ ላይ ሁለቱም ተዋናዮች አዋቂ ስለሆኑ ሲታይ ምንም አይከብድም፣ በእውነተኛ የ15 አመት ልጅ ቢቀረጽ ግን ማንም ሰው ሮማንስ ነው አይልም ነበር፣ ወንጀል መሆኑ በአይን ይታያል።

ደሞ ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል፣ የካናዳው ዲግራሲ ጁኒየር ሃይ በ1987 ሲጀምር በእድሜያቸው ያሉ ልጆችን ነው የወሰደው። በ2025 የወጣው የእንግሊዙ አዶለሰንስ ላይ የ13 አመቱን ልጅ የተጫወተው ኦዌን ኩፐር ሲቀረጽ 14 አመቱ ነበር፣ ከዛ በፊትም ተውኖ አያውቅም፣ በ15 አመቱ ኤሚ የሚባለውን የቲቪ ሽልማት ወሰደ። እያንዳንዱ ክፍል ካሜራው ሳይቋረጥ በአንድ ትንፋሽ የተቀረጸ ስለሆነ ደሞ ስህተቱን በኤዲቲንግ የሚሸፍንለት አልነበረም።

"ልጅ ያየውን ያንኑ ይደግማል"

እንደዛ ቀጥተኛ ቢሆን ኖሮ ከላይ ያየናቸው ቁጥሮች ይጨምሩ ነበር እንጂ አይቀንሱም ነበር። ጉዳቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ፐርኪንስና በርኮዊትዝ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1986 ባወጡት ጥናት የኮሌጅ ተማሪዎች ጓደኞቻቸው ስለ መጠጥ ያላቸውን አመለካከት ከእውነታው በላይ ልቅ አርገው እንደሚገምቱ አሳዩ፣ ከዛ በኋላ በሌሎች ቦታዎችም ተደጋግሞ ታይቷል። ልጁ የሚጎዳው "እነሱ ያረጉትን ላርግ" ከማለት ይልቅ "ከኔ በቀር ሁሉም ያረገዋል፣ እኔ ብቻ ነኝ ወደኋላ የቀረሁት" ብሎ ሲያምን ነው። ድራማው አስር ልጆች አሳይቶ አስሩም ሲጠጡ፣ እቤቱ ቁጭ ብሎ የማይጠጣው ልጅ ራሱን እንደ ጉድለት ያየዋል፣ በቁጥር ግን አብዛኛው እሱን ነው የሚመስለው።

አንድ ጉዳይ ላይ ግን ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው፣ እሱም ራስን ማጥፋት ነው። ይሄ በእርግጥ ይጋባል፣ ሶሲዮሎጂስቱ ዴቪድ ፊሊፕስ በ1974 ጋዜጦች ላይ ስለ ራስን ማጥፋት ትልቅ ዜና ከወጣ በኋላ ቁጥሩ እንደሚጨምር አሳይቷል። ኔትፍሊክስ በመጋቢት 2017 መጨረሻ ሰርቲን ሪዝንስ ዋይ የሚለውን ድራማ ሲለቅ በተከተለው ወር አሜሪካ ውስጥ ከ10 እስከ 17 አመት ባሉት ላይ ራሳቸውን ያጠፉት ቁጥር በ29 በመቶ ገደማ ጨምሮ ነበር የሚል ጥናት በ2019 ወጣ። ያንኑ ዳታ መልሰው ያዩ ሌሎች ተመራማሪዎች ደሞ ጭማሪውን በድራማው ማሳበብ አይቻልም አሉ፣ ክርክሩ አልተዘጋም። ኔትፍሊክስ ራሱ በሀምሌ 2019 ልጅቷ ራሷን የምታጠፋበትን ትእይንት ቆርጦ አወጣው፣ የአለም ጤና ድርጅትም በዛው አመት ለፊልም ሰሪዎች መመሪያ አወጣ፣ እንዴት እንደተደረገ በዝርዝር አታሳዩ፣ ችግሩን አልፎ የወጣ ሰው አሳዩ፣ እርዳታ የት እንደሚገኝ ንገሩ የሚል። ክርክር ስላለ ዝም እንበል የሚባልበት ጉዳይ አይደለም ይሄ፣ የሚጠፋው የልጅ ህይወት ነው፣ ስለዚ ጥንቃቄው ሙሉ ማስረጃ ባይኖርም ይገባል።

"እንግዲያው ከባድ ነገር ባይነሳ ይሻላል"

ይሄም ልክ አይደለም። ሹጋ የሚባለው የኤምቲቪ (የቲቪ ጣቢያ ነው) ድራማ በ2009 ኬንያ ውስጥ ነው የጀመረው፣ ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ግንኙነት፣ ስለ ጥቃት በግልጽ ያወራል። ናይጄሪያ ውስጥ ከአለም ባንክ ጋር የሰሩ ተመራማሪዎች ወጣቶችን በእጣ ከፍለው አንዳንዶቹን ሹጋን ሌሎቹን ሌላ ድራማ አሳዩአቸው፣ ከወራት በኋላ ሹጋን ያዩት ኤችአይቪ የመመርመር እድላቸው እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ታሪኩ ልብ አንጠልጣይ ነው፣ ስብከት አይመስልም፣ ምናልባትም የሰራው ለዛ ነው። ዋናው ጉዳይ ተነሳ አልተነሳ ሳይሆን እንዴት ተነሳ ነው።

"ወጣት ከወላጁ ጋር መጣላቱ ተፈጥሮ ነው"

ስታንሊ ሆል የሚባለው የስነልቦና ሰው በ1904 ወጣትነትን የማእበልና የውጥረት ጊዜ ብሎ ጻፈ፣ ድራማው እስካሁን በዛ ይኖራል። የኋላ ጥናቶች ግን ግጭቱ በጉርምስና መጀመሪያ ከፍ ቢልም አብዛኛው ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ደህና ግንኙነት እንዳለው ነው የሚያሳዩት። ድራማ ላይ ወላጅ ወይ ሞኝ ነው ወይ ስራ ላይ ነው፣ ምክንያቱም አስተዋይ እናት ሳሎን ቁጭ ካለች ታሪኩ በሁለተኛው ክፍል ያልቃል።

"አዘጋጆቹ የወጣቱን ቋንቋና ባህል ያውቁታል"

አንድ ድራማ ተጽፎ ተቀርጾ እስኪወጣ አመት፣ አንዳንዴም ሁለት አመት ይፈጃል፣ በዚ መሀል የሰፈሩ አራዳ ቋንቋ ሶስቴ ተቀይሯል። አርባ አመት ያለፈው ጸሀፊ ከኢንተርኔት ለቅሞ ያስገባውን ቃል ልጆቹ ሰምተው ያፍራሉ። ሲሰሙት ወዲያው ነው የሚያውቁት።

የተሳካላቸው ድራማዎች ግን ልጆቹን ጠይቀው ነው የተሰሩት። የኖርዌይ ብሄራዊ ቲቪ ኤንአርኬ ከ2015 እስከ 2017 ያስተላለፈው ስካም የ16 አመት ሴት ልጆችን አስቦ ሲሰራ፣ ዩሊ አንደም የምትባለው ጸሀፊና ዳይሬክተር ቡድኗን ይዛ አገሩን እየዞረች ወጣቶችን ምን እንደሚያስጨንቃቸው ጠየቀች። ከዛ ደሞ ታሪኩ ማክሰኞ ከሰአት ላይ የሚሆን ከሆነ ክሊፑ ማክሰኞ በዛው ሰአት ዌብሳይቱ ላይ ይለቀቃል፣ ገጸባህሪያቱ የራሳቸው የኢንስታግራም አካውንት ነበራቸው፣ ማስታወቂያም ብዙም አልተሰራለትም፣ ልጆቹ ራሳቸው አግኝተውት የራሳቸው እንዲያረጉት ተብሎ። በኋላ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ጣልያን፣ ስፔን እያሉ ብዙ አገሮች የየራሳቸውን ሰሩ። የእንግሊዙ ስኪንስም በ2007 ሲጀምር ወጣት ጸሀፊዎችን አስገብቶ ነበር፣ ኤምቲቪ ግን በ2011 የመጀመሪያውን ክፍል እንዳለ ገልብጦ አሜሪካ ሲያመጣው ማስታወቂያ ሰጪዎች ሸሹ፣ ከአንድ ሲዝን በላይ አልሄደም። የወጣት ባህል ከቦታው ነቅላችሁ የምትተክሉት ነገር አይደለም።

"ከከለከልኩት አያየውም"

ድራማውን አያይ ይሆናል፣ ቁርጥራጩን ግን ቲክቶክ ላይ ያየዋል። ይሄ ደሞ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም በ30 ሰከንድ ክሊፕ ውስጥ ያለው ፓርቲው፣ ልብሱና ሙዚቃው ነው፣ የሚቀጥለው ቀን ጸጸት፣ የእናትየው ለቅሶ፣ ሆስፒታሉ ሙሉው ክፍል ውስጥ ነው የቀረው። ስለዚ እኔ የምለው አብራችሁ እዩት፣ ስታዩም "አንተም እንደዚ ታረጋለህ?" ብላችሁ አትመርምሩት፣ ያኔ በቃ ይዘጋል። "ከዚ ውስጥ ውሸት የሚመስልህ የቱ ነው?" በሉት። ስለ ራሱ መናዘዝ የሚከብደው ልጅ ድራማውን ለመተቸት አይከብደውም፣ "ኧረ ማንም እንደዚ አያወራም፣ እኛ ጋ እኮ የሚሆነው..." ብሎ ይጀምርላችኋል።