የዙር መዘግየት አያያዝ በፍሪሲቭ

ፍሪሲቭ እ.ኤ.አ. በ1995 በዴንማርኩ ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ተማሪዎች የጀመሩት፣ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ የስትራቴጂ ጨዋታ ነው፤ ዛሬም በጎ ፈቃደኞች ያሳድጉታል። በመደበኛ ቅንብሩ በአንድ ዙር ሁሉም ተጫዋች በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ዙሩ የሚዘጋው ሁሉም መጨረሳቸውን ሲያሳውቁ ወይም የተመደበው ሰዓት ሲያልቅ ነው።

ዋናው ቅንብር የዙሩን ጊዜ የሚወስነው ታይምአውት ሲሆን የሚሞላው በሰከንድ ነው። 0 ማለት ገደብ የለም ማለት ነው፤ ጣሪያው 8639999፣ ማለትም 100 ቀን ሊሞላ 1 ሰከንድ የቀረው ጊዜ ነው። ታይምአውትን 0 ላይ ትቶ ተርንብሎክን ማብራት ጨዋታውን ከፍተው የሚያስተዳድሩ ጀማሪዎች ስሕተት ነው፦ ተርንብሎክ ከመስመር የወጡትንም ስለሚጠብቅ፣ አንዱ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ሲተኛ ጨዋታው ባለበት ይቆማል። ፊክስድሌንግዝ ሲበራ ደግሞ ሁሉም ቀድመው ቢጨርሱም ዙሩ ሰዓቱ ሳይሞላ አይዘጋም።

በአንድ ምሽት ለሚያልቅ ጨዋታ ቋሚ ሰዓት አይመችም። መጀመሪያ ላይ የሚታዘዙት ጥቂት ሰፋሪዎች ናቸው፤ በኋላ ግን ከተሞቹ ይበዛሉ። ታይምአውትኢንክሪዝ የሚባለው ትእዛዝ የተሠራው ለዚህ ነው፤ 10 0 5 1 ተብሎ ሲሰጥ በየ10 ዙሩ 5 ሰከንድ ይጨምራል።

ሎንግተርን በሚባሉት፣ ለወራት በሚዘልቁ ጨዋታዎች፣ የተለመደው ዙር 23 ሰዓት ወይም 82800 ሰከንድ ነው። ለምን 24 አልሆነም? በ24 ቢሆን ዙሩ የሚለወጠው በየቀኑ በዚያው ሰዓት ይሆናል፤ ያም ሰዓት በአንድ አገር ዘወትር እኩለ ሌሊት ላይ ይወድቃል። በ23 ግን በየዙሩ በአንድ ሰዓት እየቀደመ፣ 24 ዙር በ23 ቀን ካለቀ በኋላ ወደ መነሻው ይመለሳል። ሰዓቱ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የሰዓት መለኪያ) ሲነገር የአዲስ አበባ ተጫዋች 3 ይደምርና ወደ አገሩ አቆጣጠር ያዞረዋል፦ 21:00 ዩቲሲ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው።

ረጅም ዙር የራሱን ጣጣ ይዞ ይመጣል። ዙሩ ሊለወጥ 1 ደቂቃ ሲቀረው ጦሩን ያንቀሳቀሰ ሰው፣ እንደተለወጠ ወዲያው ደግሞ ቢያንቀሳቅስ፣ ጎረቤቱ ተኝቶ ሳለ ሁለት እጥፍ ርቀት ሄዶ ከተማውን ይይዝበታል። መድኃኒቱ ጦሩ ዙር ተሻግሮ ዳግም ከመንቀሳቀሱ በፊት የሚጠብቀውን ጊዜ የሚወስነው ዩኒትዌይትታይም ነው። 36000 ሰከንድ ወይም 10 ሰዓት ቢሞላ፣ ዙሩ ሊለወጥ 2 ሰዓት ሲቀረው የተንቀሳቀሰ ጦር በአዲሱ ዙር 8 ሰዓት ይታገዳል። ቅንብሩ ከታይምአውት ሁለት ሦስተኛ መብለጥ ስለማይችል፣ በ23 ሰዓት ዙር ጣሪያው 15 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። አጥቂውን ያለልክ ያስራል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ያለሱ ረጅም ጨዋታ ነቅቶ የማደር ውድድር ነው።

ለቀረ ተጫዋች ሁለት መንገድ አለ። አውቶቶግል የሚባለው ቅንብር ግንኙነት የተቋረጠበትን ተጫዋች አገር በሰው ፈንታ ለሚጫወተው ኮምፒውተር ያስረክባል፤ ለአጭር ጨዋታ ይበቃል፣ በረጅሙ ግን ተጫዋቹ በወጣ ቁጥር ኮምፒውተሩ ዕቅዱን ያፈርስበታል። ለረጅሙ የሚሻለው ዴሊጌት የሚባለው የውክልና ትእዛዝ ነው። ተጫዋቹ ከጉዞው በፊት የተኪውን መለያ ስም ጠቅሶ ትእዛዙን ይሰጣል፤ ተኪው «ቴክ» በሚለው ትእዛዝ አገሩን ይረከባል፣ ሲጨርስ «ሪስቶር» ብሎ ወደ ራሱ ይመለሳል። ባለቤቱ ሲመጣ ውክልናውን «ካንስል» ያደርጋል። ተኪው ራሱ በዚያው ጨዋታ ተፎካካሪ ከሆነ የሁለቱንም ካርታ ያያል፤ ስለዚህ ከጨዋታው ውጭ የሆነ ሰው ይመረጣል።