በፓይጌም ድምፅ ማጫወትና ማቆም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በፓይተን ጌም መሥራት የጀመረ ሰው ፓይጌምን፣ ማለትም ለጌም መሥሪያ የተዘጋጀውን የፓይተን ላይብረሪ፣ ማግኘቱ አይቀርም። ሥዕሉ ቶሎ ይንቀሳቀስለታል። ድምፅ ሲጨምርበት ግን ግራ ይጋባል። ከዚህ በታች በጥቅስ ያስቀመጥኳቸውን ስህተቶች ከጀማሪዎች ጋር ስቀመጥ ደጋግሜ አያለሁ።

«ፕሌይ (የማጫወቻው ትእዛዝ) ካልኩት ድምፁ እስኪያልቅ ይጠብቃል።»

አይጠብቅም። ድምፁን ያስጀምርና ወዲያው ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፋል። ሚክሰሩን (የፓይጌምን የድምፅ ክፍል) አስነሥታችሁ፣ ፋይሉን ጭናችሁ፣ ፕሌይ ብላችሁ ከጨረሳችሁ ምንም አይሰማም። ፕሮግራሙ ሲያልቅ ድምፁም አብሮት ይጠፋል። ስፒከሩ ደህና ነው፤ የጎደለው ፕሮግራሙን የሚያቆይ ሉፕ (እየተደጋገመ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ነው።

«ስቶፕ (የማቆሚያው ትእዛዝ) የመጨረሻውን ድምፅ ብቻ ያቆማል።»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሳውንድ እና ቻናል አንድ አይደሉም። ሳውንድ የተቀዳው ድምፅ ነው፤ ቻናል ደግሞ ያ ድምፅ የሚጫወትበት ቦታ። ስፔስ በተነካ ቁጥር ከበሮ የሚመታ ፕሮግራም አስቡ። ድም! የመጀመሪያው ሳይጠፋ ሌላ ድም! ሳውንዱ አንድ ነው፣ የያዛቸው ቻናሎች ግን ሁለት ናቸው። ሳውንዱን ስቶፕ ካላችሁት ሁለቱም ምቶች በአንዴ ጸጥ ይላሉ። አንዱን ብቻ ለማቆም ፕሌይ የሚመልስላችሁን ቻናል በቫሪያብል ያዙትና ስቶፕን እሱ ላይ ተጠቀሙ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ልማድ ብታደርጉት ደስ ይለኛል፤ በኋላ ብዙ ሰዓት ይቆጥብላችኋል።

ቻናሎቹም ካልጨመራችኋቸው 8 ብቻ ናቸው። ሁሉም ከተያዙ 9ኛው ምት አይሰማም፤ ፕሌይም በቻናል ፈንታ ባዶ ነገር (None) ይመልሳል። ያንን ባዶ ነገር ሳታዩ ስቶፕ ብትሉት ኤረር ይመጣል።

«አቁሜ ባስጀምረው ካቆመበት ይቀጥላል።»

ስቶፕ ከተባለ ከመጀመሪያው ነው የሚነሣው። እንዲቀጥል ከፈለጋችሁ ፖዝ (ለጊዜው ማቆሚያ) እና አንፖዝ (ማስቀጠያ) አሉ። እነሱም ያሉት ቻናሉ ላይ ነው፤ ሳውንዱ የለውም።

«ሉፕስ 1 ማለት አንዴ አጫውት ማለት ነው።»

ሉፕስ ለፕሌይ የሚሰጥ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ተጨማሪውን ድግግሞሽ ነው የሚናገረው። 0 አንዴ፣ 1 ሁለቴ፣ -1 እስክታቆሙት ድረስ።

«ለዘፈንም ሳውንድ ይበቃል።»

ሳውንድ ፋይሉን ፈትቶ ሙሉውን ሚሞሪ ላይ ያስቀምጠዋል። የ3 ደቂቃ ዘፈን በ44,100 ኸርዝ፣ በ16 ቢት፣ በስቴሪዮ ሲፈታ 32 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ኤምፒ3ው 3 ሜጋባይት ብቻ ቢሆንም። ለጀርባ ሙዚቃ የሚክሰሩን ሚውዚክ ክፍል ተጠቀሙ። እሱ እየቆነጠረ ነው የሚያነበው። በአንድ ጊዜ የሚያጫውተው ግን አንድ ዘፈን ብቻ ነው።

«ሲቆም ቋ የሚለው ፋይሉ ስለተበላሸ ነው።»

ፋይሉ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። የድምፁ ሞገድ ከፍ ባለበት ቅጽበት ተቆርጦ ወደ ዜሮ ስለሚወድቅ ነው ጆሮ የሚሰማው። ስቶፕን በፌድአውት (ድምፁን ቀስ በቀስ በሚያጠፋው ትእዛዝ) ቀይሩና 50 ሚሊሰከንድ ስጡት። የከበሮው ድምፅ ሳይቆረጥ ቀስ ብሎ ይጠፋል።